የልደት ሰርተፍኬት፦ ቀበሌ ከመሄድህ በፊት ወረቀቶችህን አስማማ

ወንድም ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም፣ እንጀራዬ እኮ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ቀበሌ ጽ/ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ፣ "ልደት ላወጣ ነው ምን ልያዝ" የሚል ሰው ሳይመጣ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ የራሴንም የልጆቼንም የአባቴንም አውጥቻለሁ። ሌሎችም እንዲገባቸው ያልከውን ልድገመው፦ የተወለድከው ቢቸና አካባቢ ገጠር ነው፣ አሁን ማርቆስ ትኖራለህ፣ ለፓስፖርት ልደት አምጣ ተባልክ፣ የ3 ዓመት ልጅህም እስካሁን የለውም፣ ቢቸና ልሂድ ወይስ እዚሁ ያልቃል፣ ምን ምን ይጠይቃል ነው። አንዱ ደግሞ ከስር "ጉዳይ አስፈጻሚ አለ በአንድ ቀን ያወጣልሃል" ብሎሃል፣ እሱ ላይ እመጣለሁ።

የት ለሚለው መልሱ አጭር ነው፣ መታወቂያህ የት ነው? የነዋሪነት መታወቂያህ የማርቆስ ከሆነ እዚሁ ከምትኖርበት ቀበሌ ነው የምታወጣው፣ ቢቸና ድረስ መንከራተት የለብህም። ብዙ ሰው ልደት የሚወጣው እትብቱ ከተቀበረበት ብቻ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ የሚታየው መኖሪያ ነው። የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ ምሥራቅ ጎጃም፣ እነማይ ተብሎ የተወለድክበት ይጻፋል፣ የሰጠህ ጽ/ቤት ማርቆስ ይሆናል፣ ሁለቱ አይጣሉም። መታወቂያህ አሁንም የገጠሩ ከሆነ ግን ወይ እዚያው ማውጣት ነው ወይ መሸኛ አምጥተህ እዚህ ነዋሪ ሆነህ መመዝገብ። እኔ የምመክርህ መሸኛውን ነው፣ የገጠሩ ቀበሌ አሁን ባለው ሁኔታ መሥራቱ ራሱ መጠየቅ አለበት፣ መንገዱንም ታውቀዋለህ።

አንተ ራስህ "ነባር" በሚባለው ነው የምትስተናገደው። ይሄ ወሳኝ ኩነት የሚባለው የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ አዋጁ 760/2004 ነው፣ በ1049/2009 ተሻሽሏል፣ ሥራው በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ሁሉ ነባር ነው፣ ለምን አልተመዘገብክም ብሎ የሚቆጣህ የለም። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ካለህ የትምህርት ማስረጃ ወይ የክርስትና ካርድ፣ ከዛ ምስክሮች። ምስክር ስልህ መንገድ ላይ ያገኘኸውን አይደለም፣ ወላጆችህን የሚያውቅ፣ መታወቂያው የታደሰ ሰው። ሦስት ሰው ይዘህ ብትሄድ አይጎድልብህም፣ አንዱ መታወቂያው አልፎበት ሊገኝ ይችላልና።

አሁን ዋናው ነገር። ሰርተፍኬቱን ማውጣት ከባድ አይደለም፣ ከባዱ አንዴ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ነው። ስለዚህ ቀበሌ ከመሄድህ በፊት ያሉህን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ስምህን፣ የአባትህን፣ የአያትህን፣ የእናትህን ሙሉ ስምና የልደት ቀንህን አንድ በአንድ አስተያይ። መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ፣ ማትሪክ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት ካለህ እሱም። እኔ ጋ ከሚመጡት ሰዎች ሁሉም ወረቀቱ አንድ ዓይነት የሆነለት በጣም ጥቂት ነው። መታወቂያው ላይ 1987 ፋይዳው ላይ 1989 ማትሪኩ ላይ ደግሞ ሌላ፣ እሱ ራሱ ሲጠየቅ "እናቴ በጥቅምት ነው ትላለች" ይላል።

በተለይ የእናት ስም ላይ ተጠንቀቅ። የኛን አገር ታውቀዋለህ፣ ሴት ልጅ ያባቷ ቤት ስም አላት፣ ስታገባ አማቶቿ ሌላ ስም ያወጡላታል፣ ከዛ ጎረቤቱም ቀበሌውም በሱ ይጠራታል። ባለፈው አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ እኔ ቤት ቅጽ ልታስሞላ መጣች፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገበቻት አክስቷ ናትና እዚያ የእናት ስም ጥሩዓለም ነው የሚለው፣ የእናትየው መታወቂያ ይመኙሻል ይላል። "እማማ የቱ ነው ትክክለኛው?" ስላቸው "ሁለቱም እኔ ነኝ፣ ያኛው ያባቴ ቤት ነው ይሄኛው ያማቶቼ" አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ። ለሳቸው ምንም ችግር የለውም፣ እውነታቸውን ነው። ለኤምባሲ ግን ሁለት ሴትዮ ናቸው። በመታወቂያቸው ስም እንድትሞላ አደረግን፣ በሕይወት ያሉ ሰው ስለሆኑ መታወቂያቸው ነው ማስረጃው፣ የትምህርት ቤቱን ለማስተካከል ደግሞ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው የሚል ከፍርድ ቤት ማስወሰን ነበረባት። ያንተ እናት ምን ተብለው እንደተጻፉ ደውለህ መታወቂያቸውን ፎቶ አስነስተህ አስልክ፣ በቃል የነገሩህን እንዳትጽፍ።

ሁለተኛው የሚያስለቅሰው አጎት ጋ ያደገ ልጅ ነው። ለትምህርት ብሎ ከተማ አጎቱ ቤት ይመጣል፣ አጎቱ በራሱ ስም ያስመዘግበዋል፣ ከ1ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ የአጎቱ ልጅ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር ካለብህ ቀበሌ ሄደህ በወላጅ አባትህ ስም ልደት አውጥተህ ከዛ ዲግሪው አልገጠመም ብለህ አትጩህ፣ መጀመሪያ በየትኛው ስም መኖር እንደምትፈልግ ወስን፣ ወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ ይቀርባል፣ ምስክር ይሰማል፣ ውሳኔው ሲመጣ የክብር መዝገብ ሹሙ፣ ማለትም ቀበሌ ላይ ልደት የሚመዘግበው ሠራተኛ፣ በሱ ይመዘግባል። ጊዜ ይወስዳል ግን መንገዱ እሱ ነው።

ቀኑ ላይ ደግሞ ሰርተፍኬቱ የኛንም የፈረንጁንም ቀን ነው የሚጽፈው፣ ብዙ ቦታ አሁንም በእጅ ነው የሚሞላው፣ እና ሹሙ ወረፋ በዝቶበት ዓመቱ ላይ ዝም ብሎ 8 ደምሮ ሊጽፍልህ ይችላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚጨመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል፣ የማያውቀው የአንዷን ቀን ነገር ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው እንጂ 11 ላይ አይደለም፣ ሚሊኒየሙን ያከበርነው ሴፕቴምበር 12 እንደነበር አስታውስ፣ መገፋቷም እስከ የካቲት 20 አካባቢ ትቀጥላለች። ለምሳሌ ጥቅምት 12 ቀን 1987 ኦክቶበር 22 ቀን 1994 ነው፣ ያው ጥቅምት 12 በ1988 ግን ኦክቶበር 23 ቀን 1995 ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ፓስፖርት ላይ አንድ ቀን ሲዛነፍ ግን ሌላ ሰው ነህ። ስልክህ ላይ መቀየሪያ አፕ አለ፣ ቀድመህ ቀይረህ በወረቀት ጽፈህ ለሹሙ ስጠው፣ ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም።

የእንግሊዝኛው ስፔሊንግም እንደዛው ነው። የጎጃም ስም ለእንግሊዝኛ አይመችም፣ ይበልጣል የሚለውን አንዱ በዋይ ይጀምረዋል አንዱ በኢ፣ ብርሃኑ ላይ አንዱ ኤችን ይጽፋል አንዱ ይተዋል። ማትሪክህ ወይ ዲግሪህ ላይ እንዴት እንደተጻፈ አይተህ እሱን አስከትል፣ በትልቁ ጽፈህ ስጥ። ሲሰጡህ ደግሞ አጥፈህ ኪስህ አትክተተው፣ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመህ ፊደል በፊደል አንብብ፣ ስምህን፣ ፆታ፣ ቀን በሁለቱም፣ የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ ከዛ የሹሙ ስምና ፊርማ፣ ማህተሙ ፎቶው ላይ ማረፉን። ከኋላህ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ብዙ የሚጠይቅ ሹም ሲገጥምህም አትናደድ፣ ዝም ብሎ የሚሞላው ነው ኋላ ችግር የሚያመጣው።

ልጅህ ጋ ስንመጣ፣ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው መመዝገብ ያለበት። እስከ አንድ ዓመት የሚመጣው የዘገየ ይባላል፣ ዓመት ያለፈው ጊዜ ገደቡ ያለፈበት፣ ያንተው 3 ዓመት ስለሆነው የመጨረሻው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ይመዘገባል አትፍራ፣ ለምን እንደዘገየ ብቻ ትጠየቃለህ። ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ከተወለደ የልደት ማሳወቂያ የሚባል ወረቀት ይሰጡ ነበር፣ ባለቤትህን ጠይቃት፣ ብዙ ጊዜ ከክትባት ካርዱ ጋር ተጣጥፎ ነው የሚገኘው። ከጠፋ የክትባት ካርዱን ያዝ፣ የተወለደበትን ቀን የያዘ ወረቀት ነውና ይረዳሃል፣ ወይ የተወለደበት ጤና ጣቢያ ሄደህ ከመዝገባቸው እንዲጽፉልህ ጠይቅ። ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ብትሄዱ ነው ጥሩው፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት ካላችሁ ያዙት። ለልጁ ስም ወስኑ ደግሞ፣ አያቱ አንድ ስም እናቱ ሌላ ስም እያሉት ትምህርት ቤት ሲገባ ሦስተኛ ስም ይወጣለታል፣ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አንድ ነው። በነገራችን ላይ ለሚቀጥለው ልጅህ፣ ክርስትና ሲነሳ ወንድ በ40 ሴት በ80 አይደል፣ ከቤተክርስቲያን መልስ በዚያው ሳምንት ቀበሌ ጎራ በሉ፣ 90ው ሳያልፍ ይገላገላል።

አሁን ያ "በአንድ ቀን ያወጣልሃል" የተባለው። እሱን ተወው ወንድሜ። ማህተሙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱም ኦርጅናል ሊሆን ይችላል፣ ግን ሰርተፍኬቱ ላይ የምዝገባ ቁጥር አለ አይደል፣ ያ ቁጥር ቀበሌው መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ባዶ ነው። ዛሬ ሁሉም ያጣራል፣ አንድ መሥሪያ ቤት "ይህ ሰው እናንተ ጋ ተመዝግቧል ወይ" ብሎ ደብዳቤ ሲጽፍ መዝገቡ ይገለጣል፣ እዚያ ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳይ አስፈጻሚው ስልኩን አያነሳም፣ በሐሰተኛ ሰነድ የምትጠየቀው አንተ ነህ። እኔ ለሁለት ወር ጉዳዩ ተጓቶበት የተማረረ ሰው አይቻለሁ፣ በትክክል አውጥቶ የተጸጸተ ግን አላየሁም። ክፍያውም በደረሰኝ ብቻ ነው፣ ደረሰኝ የሌለው "የሻይ" የሚባል ነገር ከጠየቀህ ደረሰኝ ስጠኝና ልክፈል በለው፣ አብዛኛው እዚያ ላይ ዝም ይላል።

ከወጣ በኋላ ላሚኔት አታስደርገው! ይሄን የምልህ ላሚኔት የምሠራው እኔው ራሴ ሆኜ ነው፣ ገበያዬን እየዘጋሁ ማለት ነው። ለውጭ አገር የሚሆን ሰነድ ላይ ማረጋገጫ ማህተም ይመታበታል፣ ፕላስቲክ ላይ አይመታም፣ ተልጦ ሲወጣ ደግሞ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ክተተው ይበቃል። ስካን አስደርገህ ቴሌግራምህ ላይ አስቀምጥ፣ ቁጥሩ ብቻ እንኳን ቢኖርህ ሲጠፋ ምትክ ለማውጣት ግማሹ ሥራ አልቋል፣ የፖሊስ ማስረጃ ይዘህ እዚያው ያወጣህበት ጽ/ቤት ነው የምትሄደው። የቀበሌው መዝገብ ጠፍቷል ወይ ተቃጥሏል ካሉህ ተስፋ ቆርጠህ አትመለስ፣ የመዝገቡ ቅጂ ወደ ላይ ስለሚላክ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ጠይቅ። ለፓስፖርት ሀገር ውስጥ ስለሆነ ያወጣኸው ይበቃል፣ ባሕር ዳር ኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ኦርጅናሉንም ኮፒውንም ይዘህ ሂድ። ለቪዛ ወይ ለቤተሰብ ጥሪ ከሆነ ግን የቀበሌ ማህተም ብቻውን አይበቃም፣ ወደ ላይ እየተረጋገጠ ሄዶ መጨረሻ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው የሚያረጋግጠው።

ሌላው ቀኑን መርጠህ ሂድ። የክብር መዝገብ ሹሙ አንድ ሰው ነው፣ ስብሰባ ከተጠራ ወይ ሥልጠና ከሄደ ተክቶ የሚፈርም ላይኖር ይችላል። ገጠር ከሆነ ደግሞ በ12 ሚካኤል በ21 ማርያም ቢሮ ክፍት ነው ቢሉህም ሰው አታገኝም፣ ምስክሮችህም አይመጡልህም፣ በገበያ ቀን ግን ሁሉም ከተማ ስለሚገባ ምስክር ማሰባሰብ ይቀልሃል። ከመነሳትህ በፊት ስልኩን ከሚያውቅ ሰው ተቀብለህ ደውልና አለ ወይ፣ ሰርተፍኬት ወረቀቱስ አላለቀም ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ወረቀት አልቋል ተብሎ የሚመለስ ሰው ስንት እንደሆነ አትጠይቀኝ። የእናትህን መታወቂያ ፎቶ ሲልኩልህና ስሙ አልገጥም ካለህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ አቤቱታው እንዴት እንደሚጻፍ አሳይሃለሁ።