ጥያቄና መልስ፦ የማይዝ ቶነር፣ ቀትር ላይ የሚጠፋ ሬጉሌተር

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)
ሰርኪት ቦርድ ቤቴ ውስጥ ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። ንድፉን የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ በሌዘር ፕሪንተር አትሜ፣ መዳቡ ላይ ደፍቼ በካውያ እተኩሰዋለሁ። ወረቀቱን ስልጠው ግማሹ መስመር አብሮ ይነሣል፤ ጠርዝ ጠርዙማ ጭራሽ አይዝም። መዳቡን የሚበላው ፈሳሽ፣ ፌሪክ ክሎራይዱም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል። የምሠራው ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ ነው። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ
ማታ ማታ መሥራትዎ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት የመብራቱ ጉልበት ይወርዳል። ቴስተርዎን ኤሲ ላይ አድርገው ሶኬቱን ይለኩት። በ220 ፋንታ 180 ቮልት ካሳየ፣ የካውያው ኃይል ወደ 67 በመቶ ገደማ ወርዷል ማለት ነው፤ ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ነውና። ባዶውን ሲቀመጥ የጋለ ይመስላል፤ መዳቡ ላይ ሲያርፍ ግን መዳብ ሙቀቱን ይጠጣበታል፣ ካውያውም ቶሎ አይተካውም። መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ጠርዙ ስለሆነ ቶነሩም (የሌዘር ፕሪንተሩ የዱቄት ቀለም) እዚያ አይዝም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይሞክሩት፤ ልዩነቱን ያዩታል።

ከሙቀቱ በፊት ግን ንጽሕናው ይቀድማል። መዳቡን በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይፈግፍጉት፣ በላርጎ ይጠቡት፣ ከዚያ ውሃ ያፍስሱበት። ውሃው እኩል ተዘርግቶ ከቆየ ጸድቷል፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ቅባት አለበትና ይድገሙት። በመጨረሻ በአሴቶን ጠርገው ፊቱን በእጅዎ አይንኩት። አንድ የጣት አሻራ አንድ መስመር ያስበላል።

ሲተኩሱ ቦርዱን ጣውላ ላይ ያስቀምጡ። ሴራሚክ ወይም ብረት ላይ ካደረጉት ሙቀቱን ከሥር ይስበዋል። ካውያው የእንፋሎት ከሆነ ውሃውን ያውጡለት፣ የሙቀቱን መጠን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። መጀመሪያ ባዶውን ቦርድ አንድ ደቂቃ ያሙቁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ደፍተው በሙሉ ክብደት 30 ሴኮንድ ይጫኑ፣ ቀጥሎ በካውያው ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን እየዞሩ ሌላ 3 ደቂቃ ይተኩሱ። መስመሮቹ ተንጠፍጥፈው ከተያያዙ ደግሞ በዝቷል፤ ጊዜውንና ጫናውን ይቀንሱ። ወረቀቱን በደረቁ አይላጡት። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፈው በአውራ ጣት እያሹ ያራግፉት። የተቆረጠ መስመር ካለ በማይለቅ ማርከር ሁለት ጊዜ ይደርቡበት። ለጀማሪ የመስመሩ ስፋት 0.8 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ 0.5 ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ ማቅጠኑ እጅ ሲፈታ የሚደርስ ነው።

ፌሪክ ክሎራይዱን በተመለከተ፣ የሐረር ማታ ቀዝቃዛ ነው፣ ፈሳሹም አብሮ ይቀዘቅዛል። 100 ግራሙን በ200 ሚሊሊትር ውሃ ይበጥብጡ። ዱቄቱን ወደ ውሃው ነው ቀስ በቀስ የሚጨምሩት፤ ሲሟሟ ራሱ ይግላልና። ፈሳሹን የያዘውን የፕላስቲክ ዕቃ ሙቅ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው 40 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩት። ቦርዱን መዳቡን ወደ ታች አድርገው ያንሳፉት፤ የሚበላው መዳብ ወደ ሥር ይወርዳል እንጂ ፊቱ ላይ አይተኛም። በየደቂቃው አንሥተው አረፋውን ያስለቅቁ። ፈሳሹ አዲስ ከሆነ በ15 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል። አንድ ሰዓት ማቆየት ጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ፈሳሹ ከጎን እየገባ በቶነሩ ሥር ያለውንም መስመር ይበላል። የብረት ዕቃ አይጠቀሙ፤ ልብስ ላይ ከፈሰሰም አይለቅም። ያለቀውን ፈሳሽ መዳብ ስላለበት ወደ ፍሳሽ አይድፉት፤ አረፋ ማውጣቱን እስኪተው ሶዳ አሽ ቀስ እያሉ ይጨምሩበትና ዝቃጩን ከሲሚንቶ ጋር ለውሰው ያድርቁት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ሰርኪት ሠራሁ። ኃይሉን የሚያገኘው በሶላር ከሚሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ በ7805 ሬጉሌተር (ቮልቴጁን አውርዶ 5 ላይ በሚያቆም ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ወደ 5 ቮልት አወርደዋለሁ። 200 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል። ሌሊቱን በደንብ ይሠራል፣ ቀትር ላይ ይጠፋል፣ ወደ ማታ ተመልሶ ይነሣል። 7805ቱን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

መልስ
ሦስተኛ አይግዙ፤ ዕቃው ጤነኛ ነው። ቀን ላይ ሶላሩ ባትሪውን ስለሚሞላ ቮልቴጁ 14 አካባቢ ይደርሳል። ከ14 ወደ 5 የሚጣለው 9 ቮልት በ0.2 አምፔር ሲባዛ 1.8 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሂትሲንክ (ሙቀት የሚበትን ብረት) የሌለው 7805 በአንድ ዋት ከአየሩ በላይ እስከ 65 ዲግሪ ይግላል፤ 1.8 ዋት 117 ዲግሪ ነው። የድሬዳዋ ቀትር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ 45 ዲግሪ ቢሆን ድምሩ 162 ይመጣል፤ 7805 ደግሞ 150 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ሌሊት ባትሪው 12.5 ቮልት፣ አየሩ 25 ዲግሪ ሲሆን ድምሩ ወደ 122 ይወርዳል፤ ስለዚህ ይሠራል። አዲስ አበባ የተሞከረ ሰርኪት ድሬ ሲወርድ የሚከዳው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው።

በጣም ርካሹ መፍትሔ ከ7805ቱ መግቢያ በፊት 22 ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባት ነው። 4.4 ቮልቱን እሱ ይጥልልዎታል፤ ሬጉሌተሩም በዚያው ሳጥን ውስጥ 105 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ባትሪው 11.5 ቢወርድ እንኳ መግቢያው ላይ 7.1 ቮልት ይቀራል፤ ጠርዝ ላይ ቢሆንም ይበቃል። ይህ የሚሠራው ግን የሚስበው ከ200 ሚሊአምፔር ካላለፈ ነው፤ ሪሌዎ (ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ሲነሣ ስንት እንደሚደርስ በቴስተር ይለኩ። ከበለጠ በኤልኤም2596 ቺፕ የተሠራውን ቮልቴጅ የሚያወርድ ዝግጁ ሞጁል ይግዙ፤ በሙቀት የሚያባክነው ጥቂት ነው። የሞጁሉን መውጫ ሰርኪቱን ሳያገናኙ በፊት በትንሿ ብሎን 5 ቮልት ላይ ያስተካክሉ፤ ከሱቅ ሲወጣ ስንት ላይ እንዳለ ዋስትና የለም። ካፓሲተሮቹንም 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈባቸውን ይምረጡ። ሳጥኑ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ደግሞ ያውጡት እንጂ!

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ፌሪክ ክሎራይድ አጣሁ። ቤት ባለው ነገር መሥራት ይቻላል? በረኪናስ?

መልስ
በረኪናውን ይርሱት። ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 100 ሚሊሊትር፣ ኮምጣጤ 100 ሚሊሊትር፣ ጨው 2 የሻይ ማንኪያ ይቀላቅሉ። ዘገምተኛ ነው፣ ለትንሽ ቦርድም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ግን ይበላል። ፈዘዝ ሲል ፐርኦክሳይዱን ይጨምሩ። በረንዳ ላይ ይሥሩት፣ የተረፈውንም ከድነው አያስቀምጡት፤ ጋዝ እያወጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ቦርዱ ተበልቶ ሲያልቅ የዕቃዎቹ እግር የሚገባበትን ቀዳዳ ለሬዚስተርና ለአይሲ (ባለ ብዙ እግር ቺፕ) በ0.8፣ ለ1ኤን4007 ዳዮድ በ1 ሚሊሜትር ፑንታ ይብሱት።