የመጨረሻዋ ልጅ ሳትገባ ሰዓቱን አታቁሙ

ውድ ልጆቼ፣

34 ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ ወዲህ ማለዳዬን የማሳልፈው አረጋውያንን በነጻ በማሠልጠንና ለወጣቶች የመጀመሪያ ርዳታ በማስተማር ነው። ከእናንተ መካከል መምህር፣ አሠልጣኝ ወይም በጎ ፈቃደኛ ለመሆን የምታስቡ አላችሁ። እኔ ዘግይቼ የተማርኩትን አንድ ነገር እናንተ በጊዜ ብታውቁት ብዬ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በ4ኛው ዓመት ነው። የ800 ሜትር ሩጫ ፈተና እሰጥ ነበር። ፈጣኖቹ ገቡ፤ ሰዓታቸውን መዘገብኩ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጌ አሞገስኳቸው። መካከለኞቹም ተከታትለው ገቡ። አንዲት ልጅ ገና ሜዳው ላይ እንደቀረች አውቅ ነበር። ቢሆንም ደወሉ ሊደወል ስለነበር ሰዓቱን አቁሜ ኳሶቹን ወደ መረብ ከረጢቱ መክተት ጀመርኩ። ቀና ስል የመጨረሻውን ኩርባ እየዞረች ነው። እየተራመደች አልነበረም፤ ትሮጣለች። ፊቷ በላብ ርሷል፣ የአንድ ጫማዋ ክር ተፈትቶ መሬት ይጎተታል። መስመሩን አልፋ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና ትንፋሿ ሳይመለስ «መምህር፣ በስንት ደቂቃ ገባሁ?» አለችኝ።

የምነግራት ቁጥር አልነበረኝም። «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» አልኳት። እርሷ ግን በእጄ የያዝኩት ሰዓት መቆሙን አይታለች። በሚቀጥለው ሳምንት ከስፖርት ነጻ የሚያደርግ የሐኪም ወረቀት ይዛ መጣች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ሜዳው ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ የጓደኞቿን ልብስ ስትጠብቅ ከረመች።

ብዙ ሰው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሥራው ጎበዝ ስፖርተኛ መልምሎ ማውጣት ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ጎበዙ ልጅ ግን መምህር ባይኖረውም ይሮጣል፤ ኳስ ቢያጣ ጨርቅ ጠቅልሎ ይጫወታል። እኛን የሚፈልገን ቡድን ሲከፋፈል ስሙ መጨረሻ ላይ የሚጠራው ልጅ ነው። ይህ ልጅ በ14 ዓመቱ ስፖርት የእኔ ነገር አይደለም ብሎ ከወሰነ፣ በ50 ዓመቱ ሐኪም በእግርህ ሂድ ሲለው ከየት ይጀምራል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሚሆናቸው ታዳጊዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚህ መጠን አይደርሱም፤ የልጃገረዶቹም ከወንዶቹ ይብሳል። ብዙዎች ጥፋቱን በስልክ ላይ ይጥላሉ። ስልኩ የድርሻውን ያንሣ። እኔ ግን ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ አግዳሚ ወንበር ነው፤ እዚያ ያስቀመጥናቸው እኛ ነን።

ከዚያች ልጅ በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ደብተር ከፍቼ እያንዳንዱን ልጅ ባለፈው ወር ከሮጠው ከራሱ ሰዓት ጋር ማወዳደር ጀመርኩ። የጨዋታ ደንቦችንም መነካካት ደፈርኩ።

በዚህ ረገድ ከሙያችን ሰዎች ሁሉ የማከብረው የቅርጫት ኳስን የፈጠረውን መምህር ጄምስ ናይስሚዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ፣ በብርዱ ወቅት፣ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ 18 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ተሰጠው። ከእርሱ በፊት የገቡ ሁለት መምህራን ክፍሉን አልቻሉትም ነበር። ውጭ ብርድ ነው፤ የሜዳው ጨዋታ ወደ አዳራሽ ሲገባ ደግሞ ግፊያው ሰው ይጎዳል። ናይስሚዝ ግፊያው የሚመጣው ኳስ ይዞ ከመሮጥ መሆኑን አስተዋለና ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ። ግቡንም ከራስ በላይ ሰቀለው፤ ከፍ ካለ በኃይል መወርወር አይጠቅምምና። የሕንፃው ሠራተኛ ሳጥን ቢጠየቅ ያገኘው ሁለት የኮክ መያዣ ቅርጫት ነበር። ቅርጫቶቹ 3.05 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሰገነት ላይ ተሰቀሉ፤ ከፍታው ዛሬም ያው ነው። እኛም በቋንቋችን ጨዋታውን እስከ ዛሬ የምንጠራው በዚያው ቅርጫት ስም ነው። ከእርሱ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ልጆቹና ጨዋታው አልገጥም ሲሉ መጀመሪያ ደንቡን መመርመር።

ስለዚህ ኳሱ በቡድኑ አባላት ሁሉ እጅ ሳያልፍ የገባ ነጥብ አይቆጠርም አልኩ። መጀመሪያ አልሠራም። ጎበዞቹ ለደካማው ልጅ ለይስሙላ ያቀብሉና መልሰው ከእጁ ይወስዱታል፤ ልጁም እንደ ግንብ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ከአግዳሚው ወንበር የባሰ ውርደት ነው። ልጆቹን መሬት ላይ አስቀምጬ ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅኋቸው። መፍትሔውን ያመጡት እነርሱ ናቸው፦ ኳስ የተቀበለ ሰው እስከ 3 ተቆጥሮ እስኪያልቅ ማንም አይንካው አሉ። ሦስት ሰከንድ ቀና ብሎ ማን ነጻ እንደሆነ ለማየት ይበቃል። በወሩ መጨረሻ ኳስ ይፈራ የነበረ ልጅ እጁን አውጥቶ «ለእኔ! ለእኔ!» ሲል ሰማሁ፤ በ34 ዓመቱ ሁሉ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ዋንጫ የለኝም።

ስለ ራሳችሁ አካል ብዙ አልላችሁም። አጥንት ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያጠራቅመው እስከ 20ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጠራቀመውን መጠበቅ እንጂ መጨመር ይከብዳል። ስለዚህ አሁን ዝለሉ፣ ሩጡ፣ ክብደት አንሡ። ቁርጭምጭሚታችሁ ወለም ሲል ደግሞ ዕረፉ። በሕመም ላይ መሮጥን ጀግንነት ነው ብሎ የሚያስተምር አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

በጎ ፈቃድን በተመለከተ ግን ጠንከር ያለ ቃል አለኝ። በየዓመቱ በብዙ ጉጉት የሚመጡ ወጣቶች አያለሁ። ሦስት ሳምንት ይመጣሉ፣ በአራተኛው ይቀራሉ። እነርሱ በቀሩበት ማለዳ አረጋውያኑ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በር በሩን ያያሉ። ለእናንተ አንድ ቀን መቅረት ነው፤ ለእነርሱ የሳምንቱ ዋና ጉዳይ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ከቻላችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ቃል ግቡ፤ በዚያ ሰዓት ግን ተገኙ።

የልብ ምቱ የቆመን ሰው ለማዳን ደረቱን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያደረጉ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ጠንካራው ወጣት እንኳ ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ይዝላል። ለራሱ አይታወቀውም፤ አልደከመኝም እያለ ጥልቀቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በየ2 ደቂቃው ሌላ ሰው እንዲተካው እናስተምራለን። ሁሉን ብቻውን ተሸክሞ በስድስተኛው ወር ጨርሶ የጠፋ ደግ ወጣት ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ሳትዝሉ ተተካኩ፤ «ዛሬ ይዘህልኝ ቆይ» ማለትን አትፈሩ።

ከማሠለጥናቸው አረጋውያን መካከል አንዲት የ83 ዓመት እናት አሉ። ቤታቸው ውስጥ ወድቀው፣ አጥንታቸው ሳይጎዳ፣ መነሣት ብቻ ስላቃታቸው ልጃቸው እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ወለል ላይ ተኝተዋል። ወደ እኛ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ልምምዱ ቀላል ይመስላል፦ በጎን መገልበጥ፣ ክርን መደገፍ፣ በእጅና በጉልበት መሆን፣ ወንበሩ ድረስ መዳህ፣ ሁለት እጅን መቀመጫው ላይ ማኖር፣ ጠንካራውን እግር ወደ ፊት ማምጣት፣ ከዚያ መግፋት።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሎቹ ጨርሰው ጫማቸውን ሲቀይሩ እርሳቸው ገና ፍራሹ ላይ ነበሩ። ቀኝ እግራቸውን ለማምጣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ። እጄን ልዘረጋ ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። በሦስተኛው እግራቸው መሬት ረገጠ፤ ጣቶቻቸው የወንበሩ ጠርዝ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ገፉ፣ ቀጥ ብለውም ቆሙ። ትንፋሻቸው ሳይመለስ «ስንት ፈጀብኝ ልጄ?» አሉኝ።

ሰዓቱ እጄ ላይ ነበር። «52 ሰከንድ፣ እናቴ» አልኳቸው። «ባለፈው ሳምንት 70 ነበር።»