ባለቤቴ የዕቁቡን ብር በጆሮ ማዳመጫ ሊጨርሰው ነው

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፦

ኮምቦልቻ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠራው ባለቤቴ ሰሞኑን ዕቁብ ቢደርሰው፣ ሶኒ ደብልዩ ኤች 1000 ኤክስ ኤም 5 የተባለውን ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ካልገዛሁ ብሎ ቤታችን በጭቅጭቅ ተሞልቷል። ደሴ ፒያሳ ያለ ሱቅ የነገረውን ዋጋ ስሰማ ደነገጥሁ፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሸፍኖ የሚተርፍ ነው። ርካሹም ቢሆን ዘፈን ያሰማል፣ ስልክ ያነጋግራል፤ ታዲያ ይህን ሁሉ ብር ምን አስከፈለው? ስለው «ይኼኛው ጫጫታ ያጠፋል፤ ፋብሪካም አድርጌው እገባለሁ» ይለኛል። ማታ ሲገባ «ጆሮዬ ጭው ይላል» ማለት ልማዱ ነው፤ ቴሌቪዥኑንም ጎረቤት እስኪሰማ ይከፍተዋል። ከጓዳ ስጠራው ዝም ይላል፤ ቡና አቀራርቤ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ ግን ሁሉንም ይመልስልኛል። የልቤን ልናገርና፣ ዛሬም የማይሰማኝ ሰው ጆሮ የሚደፍን ዕቃ በዚህ ዋጋ የሚገዛው እኔን ላለመስማት ይሆን?

የተቸገረች እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እህቴ፣ እኔ የምሰጋው ባለቤትዎ መስማት እያቃታቸው እንዳይሆን ነው። ከጓዳ ሲጠሯቸው የማይመልሱ፣ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን አንድም ቃል የማያመልጣቸው ሰው፣ የከንፈርዎን እንቅስቃሴ እያዩ ሊሆን ይችላል የሚረዱዎት። ጆሯቸው ጭው ማለቱንና የቴሌቪዥኑን ጩኸት ሲጨምሩበት ነገሩ ከባድ ነው፤ እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ከዋጋው ጭቅጭቅ በታች አድርገው ማለፍዎ አሳዝኖኛል። የሽመና ክፍል ድምፅ፣ የድምፅ ጉልበት በሚለካበት በዴሲቤል ሲሰላ፣ ብዙ ጊዜ ከ90 ይበልጣል፤ በ85 ዴሲቤል እንኳ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት እንደማይገባ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ይመክራሉ። ድምፅ ተቀባይ የሆኑት የውስጠኛው ጆሮ ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ ከእንግዲህ ከጓዳ ሆነው አይጣሯቸው፤ ቀርበው ያነጋግሯቸው።

ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ሲቀርብ አሜሪካ ውስጥ 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያ ብር በአብዛኛው የሚከፈለው ጫጫታ ለሚያጠፋው ክፍል ነው። ማይክሮፎኖቹ የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ፣ መሣሪያውም የዚያን ተቃራኒ ሞገድ ፈጥሮ ያጠፋዋል። ሳይቋረጥ በሚጎረምስ ወፍራም ድምፅ ላይ፣ ለምሳሌ በአውቶቡስ ሞተር ላይ፣ በእውነት ድንቅ ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ነጋዴ ቢሆን ግዛ እለው ነበር። የሽመና ማሽን ኳኳታ ግን ድንገተኛና ቀጭን ድምፅ የተቀላቀለበት ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋለትም። ኩባንያውም ለሥራ ቦታ የጆሮ መከላከያ ብሎ አልሠራውም። ዘፈን ከተከፈተበት ደግሞ በጫጫታው ላይ ሌላ ድምፅ መጨመር ነው፤ የማሽን አደጋ ቢመጣ የባልደረባ ጩኸት እንኳ ላይሰማ ይችላል። ባለቤትዎ ለሚፈልጉት ጉዳይ ይህ ዋጋ አይገባውም፤ በዚህ ላይ አላመነታም።

የሚያስፈልጋቸው ለሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ምን ያህል ድምፅ እንደሚቀንስ የተጻፈበት የጆሮ መሸፈኛ ወይም የስፖንጅ መሰኪያ ነው፤ ስፖንጁ እጅግ ርካሽ ነው። ይህንንም ቢሆን ከኪሳቸው ሊገዙ አይገባም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ሰው በዕቁብ ብሩ ለጆሮው ዕረፍት ለመግዛት ሲገደድ ማየት ያናድደኛል፤ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የደብዳቤውንም ቅጂ ያስቀሩ።

ይህ ሳምንት ሳያልፍ ወደ ደሴ ይዘዋቸው ይውጡና የጆሮ ሐኪም የመስማት ምርመራ ያድርግላቸው፤ ከዕቁቡ መጀመሪያ የሚነካው ብር ለዚህ ይሁን። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ካልከለከላቸውና ለቤት ማዳመጫ ካማራቸው፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃቸዋል፤ አይቃወሟቸው፣ ድምፁን ከግማሽ በላይ እንዳይከፍቱት ብቻ ይንገሯቸው።