ለአሮጌ ቁም ሣጥን ድሪል ወይስ ካቻቢቴ?

ጥያቄ፦ ከእናቴ የወረስኩት የዋንዛ ቁም ሣጥን አለኝ። የአንደኛው መዝጊያ ማጠፊያ የተያዘባቸው ቪቴዎች ቀዳዳቸው ስለሰፋ አልጠብቅ ብለው መዝጊያው ወደ ታች ወርዷል፤ ቫርኒሹም ተላልጧል። ባለቤቴ በቅርቡ በገዛው ድሪልና የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ሊጠግነው አስቧል፤ እኔ ግን በእጅ መሣሪያ ቢሠራ ይሻላል ባይ ነኝ። ማንኛችን ትክክል ነን?

መልስ፦ በአብዛኛው እርስዎ ትክክል ነዎት፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ድሪሉ ያስፈልጋል።

ቪቴው እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ ድሪሉ ለአፍታ እንኳ መሽከርከሩን ከቀጠለ፣ የቪቴው ጥርስ የያዘውን እንጨት ይፈጭና ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በካቻቢቴ ሲሠራ ግን መጥበቁ በእጅ ስለሚታወቅ በጊዜው ማቆም ይቻላል። ስለዚህ ቪቴዎቹን በእጅ ፈትተው መዝጊያውን ያውርዱ፤ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ኮላ በተነከረ ቀጭን ስንጥር አጥብቀው ይሙሉ፤ አንድ ሙሉ ቀን ከደረቀ በኋላም ትርፉን በስል መሮ ከእንጨቱ ፊት ጋር እኩል ይቁረጡት። የባለቤትዎ ድሪል የሚፈለገው ከዚህ በኋላ ነው። የደረቀ አሮጌ እንጨት ቪቴ በጉልበት ሲገባበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ጥርሱ ሳይቆጠር ከቪቴው ውፍረት በጥቂቱ በሚቀጥን ፑንታ (የድሪሉ መብሻ ብረት) አስቀድሞ በዝግታ ይበሳ። ፑንታው ወደ ውጭ እንዳያልፍ የሚፈለገው ጥልቀት ላይ ፕላስተር ይጠምጠምበት። ድሪሉ ለግድግዳ መብሻ የሚሆን የመዶሻ ምት ካለው ምቱ መጥፋት አለበት።

በማለስለሻው ግን ከባለቤትዎ ጋር አልስማማም። ሙሉ ዋንዛ ነው የሚባል ቁም ሣጥን ብዙ ጊዜ ጎኑ ወይም የመዝጊያው መሐል ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ፣ ሆኖ ይገኛል (ሻጭ ይህን ሲናገር አይሰማም)። የኮምፔንሳቶ የላይኛው ንጣፍ በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከዘገየ በልቶት ያልፋል፤ የተበላውን ንጣፍ ደግሞ መመለስ አይቻልም። መዝጊያው ወርዶ ሳለ ቁጥር 120 የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይፈትጉት፤ ከዚያ በ180፣ በመጨረሻም በ220 ያለስልሱት። ጠርዞቹን ጠቅላላውን ሲፈትጉ ሳይሆን ለብቻቸው፣ እጅዎን አቅልለው ይሥሩ። ባለቤትዎ ማሽኑን መሞከር ካማራቸው ወፍራም የጣውላ መደርደሪያ ይስጧቸው።

መዝጊያው ሲመለስ አንድ ሰው ከታች ደግፎ ይያዘው፤ ቪቴዎቹ ሁሉ በግማሽ ከገቡ በኋላ በየተራ በካቻቢቴ ይጥበቁ።