በእጅ ስለሚሠራው የዋልተር ፎርቴፒያኖ ቅጂ፤ ጥያቄና መልስ

የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት ይጫወትበት የነበረውን ዓይነት ፒያኖ፣ ማለትም ፎርቴፒያኖን፣ ዛሬ እንደገና በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። አብዛኛው ጥያቄያችሁ በቪየናው ፒያኖ ሠሪ በአንቶን ዋልተር ሥራ ላይ ስለሆነ፣ እኔም እሱን ይዤ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፎርቴፒያኖ ከዛሬው ፒያኖ በምን ይለያል?

መልስ፦ የዛሬው ፒያኖ የክሮቹን ውጥረት የሚሸከም ከባድ የብረት ማዕቀፍ አለው። ዋልተር የሠራው ግን አካሉ እንጨት ነው። ስለዚህ ክሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ውጥረታቸውም በጣም ያነሰ ነው። ቁልፎቹ 61 ናቸው፤ የዛሬው 88 ነው። ቀለማቸውም የተገላቢጦሽ ነው፤ ዋናዎቹ ጥቁር፣ ትንንሾቹ ነጭ። የእግር ፔዳል የለውም። የክሮቹን ማፈኛ የሚያነሳ፣ በጉልበት ወደ ላይ የሚገፋ ማንሻ አለው።

ጥያቄ፦ ድምፁስ?

መልስ፦ ጥርት ያለና አጭር ነው። እንደ ክራር ፈጥኖ ይወጣል፣ ፈጥኖ ይጠፋል። ወፍራሙ፣ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው።

ምስጢሩ መዶሻው ላይ ነው። የዛሬው መዶሻ በወፍራም የተጨመቀ ሱፍ ይሸፈናል። የዋልተር መዶሻ ግን ትንሽ እንጨት ነው፤ አናቱ ላይ ስስ ቆዳ ተለጥፎበታል። ቆዳው ከጠነከረ ድምፁ ይሻክራል። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ይታፈናል። ሠሪው መዶሻዎቹን አንድ በአንድ እየሰማ ማስተካከል አለበት። በእኔ እምነት የሠሪው ችሎታ የሚለካው እዚህ ጋ ነው። የሳጥኑ ማማር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ኦሪጅናሉ እያለ ቅጂ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ሞዛርት በ1782 አካባቢ ያገኘው የዋልተር ፒያኖ ዛሬም አለ፤ ሳልዝበርግ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ግን እንጨት ከ200 ዓመት በላይ ተወጥሮ ሲኖር ይጣመማል፤ ቆዳም ይደርቃል። ለማደስ ብሎ አሮጌውን ቆዳ መላጥ ደግሞ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ቅጂውን ግን በየቀኑ ልትለማመዱበት፣ ከከተማ ከተማ ልታጓጉዙት ትችላላችሁ።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለ። ሞዛርት የሰማው አዲስ መሣሪያ ነበር። ስለዚህ ጥሩ ቅጂ እሱ ለሰማው ድምፅ ከኦሪጅናሉ ይበልጥ ሊቀርብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቅጂው ቁርጥ ኦሪጅናሉን ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ «መቶ በመቶ» የሚላችሁን አትመኑ። የሳልዝበርጉ ፒያኖ ራሱ፣ ሞዛርት በ1791 ከሞተ በኋላ ውስጡ ተቀይሯል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ታዲያ የሚቀዳው የቱ ነው? የመጀመሪያው ወይስ የተቀየረው? ሐቀኛ ሠሪ የትኛውን መሣሪያ እንደለካና የት ላይ በራሱ ግምት እንደሄደ በግልጽ ይነግራችኋል። ይህን ሳትጠይቁ አትግዙ።

ጥያቄ፦ ቤትሆቨን «የጨረቃ ብርሃን» በሚባለው ሶናታ (የፒያኖ ድርሰቱ) ላይ የክሮቹ ማፈኛ ተነስቶ ይቆይ ብሏል። እኔ ስሞክረው ግን ድምፁ ይደበላለቅብኛል። ለምን?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ሶናታው በ1801 የተጻፈ ነው። ማፈኛው ተነስቶ እንዲቆይ የተባለውም የመጀመሪያው ክፍል ሙሉውን ነው። በዘመናዊ ፒያኖ ላይ የቀደመው ድምፅ ሳይጠፋ አዲሱ ይደረብበታል፤ ለዚህ ነው የሚድበሰበሰው። በፎርቴፒያኖ ግን የቀደመው ቶሎ ስለሚደክም፣ አዲሱ በላዩ ጥርት ብሎ ይሰማል። በቅጂ ላይ ቀስ ብለሽ ሞክሪው። ትእዛዙ ለምን እንደተጻፈ ያኔ ይገባሻል።

ጥያቄ፦ ለሾፓን ሙዚቃስ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ቁልፎቹ አይበቁም። ለሾፓን የፒያኖ ሠሪዎቹ የፕሌየል ወይም የቡኾልትዝ ቅጂ ይሻላል። ሁለቱንም ቅጂ ሠሪው ፖል ማክነልቲ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሠርቷቸዋል። በ2018 ዋርሶ ላይ በሾፓን ዘመን ዓይነት መሣሪያዎች ብቻ የሚካሄድ የሾፓን ውድድር ተጀምሯል፤ ፈልጋችሁ ስሙት።

ጥያቄ፦ ዲጂታል ኪቦርድ ላይም ድምፁ አለ። አይበቃም?

መልስ፦ ለጆሮ ሊበቃ ይችላል፤ ለጣት ግን አይበቃም። የዋልተር ቁልፍ ቀላል ነው፤ ብዙም ወደ ታች አይወርድም። ትንሽ የጣት ለውጥ ወዲያው ድምፁ ላይ ይታያል። ሞዛርት በ1777 ለአባቱ ሲጽፍ የአውግስቡርጉን ሠሪ ሽታይንን ያደነቀው በዚሁ በውስጥ አሠራሩ ነው፤ ቁልፉን ያዝከውም ለቀቅከውም፣ መዶሻው ክሩን እንደመታ ወዲያው ይመለሳል ብሏል።

ጥያቄ፦ እንክብካቤው ይከብዳል?

መልስ፦ የአየሩን እርጥበት መከታተል ግድ ነው። እንጨቱ ሲያብጥና ሲደርቅ ቅኝቱ ይሸሻል፤ ከዘመናዊው ፒያኖም ቶሎ ቶሎ መቃኘት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ጊዜ ባለሙያ ከመጥራት፣ መቃኘቱን ራሳችሁ ተማሩ። በፀሐይ አጠገብም አታስቀምጡት።