ለቆርቆሮ ቤት የጭድ መከላከያ፦ እሳቱስ?

ወንድሜ፣ ደሴ ላለው ቆርቆሮ ቤትህ ብርድ እንዲከለክል ከኮርኒሱ በላይ የጤፍ ጭድ ብትጎዘጉዝ እሳት ያሰጋ እንደሆነ ጠይቀሃል። አዎ፣ ልቅ ደረቅ ጭድ እንዳታስገባ! የመብራት ገመድ አንዴ ብልጭ ካለ አለቀ።

ጭዱን በቀጭን ጭቃ ለውሰህ፣ በሳጥን ጠቅጥቀህ ጠፍጣፋ ብሎክ አድርገው። ጭቃው ጭዱን ስለሚሸፍነው እሳት ቢነካው ይከስላል እንጂ ቶሎ አይንበለበልም። ግን ጭቃ አታብዛ። ብርድ የሚከለክለው በጭዱ መሃል የሚቀረው አየር ነው። ጭቃው በበዛ ቁጥር ብሎኩ ይጠነክራል፣ ብርዱን ግን ያሳልፋል። ቦራክስ (ነጭ የማዕድን ጨው ዱቄት) ካገኘህ ጭቃውን የምታቀጥንበት ውሃ ላይ አሟሟው፤ ሲግል ውሃ እየለቀቀ እሳቱን ያዳክማል።

የብሎኩን ክብደት የኮርኒሱ ችፑድ አይችለውም፤ ወራጁ እንጨት ላይ አሳርፈው። ገመዱንም በቱቦ አሳልፍ። ክረምት ላይ ደግሞ አትጀምር፣ በደሴ ጉም ይሻግታል። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህ (መቼም አይጠፋህም) እዚያ አድርቀው፤ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቅልሃል።