ጎርፉን ሳይነካ ልጄን ተቅማጥ ለምን ይመላለስበታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የመንገዱ ዳር ቦይ ይሞላና ጎርፉ ግቢያችን ይገባል። ዝናቡ ሲበረታ የመጸዳጃ ጉድጓዳቸውን ወደ ቦዩ የሚለቁ ጎረቤቶችም አሉ። የ3 ዓመት ልጄን በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ያዘው። ከቤት ስለማላወጣው ጎርፉን አይነካም። ታዲያ ከየት መጣበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ጎርፉን ባይነካም ጎርፉ በቧንቧ ሊደርስበት ይችላል። ወደ ግቢ የሚገባው መስመር ብዙ ጊዜ በቦዩ ውስጥ ወይም በሥሩ ያልፋል። ቧንቧው ስንጥቅ ካለበት፣ ውሃ ሲኖር ግፊቱ ውሃውን በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ያንጠባጥባል። በፈረቃ ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይወርድና በዚያው ስንጥቅ የቦዩ ፍሳሽ ወደ ቧንቧው ይሳባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ይኸው ነው።

ስለዚህ ከተቋረጠ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ውሃ የመጠጥ ጀሪካን አይሙሉ፤ ለወለል ማጠቢያ ይቅዱት። ጠርቶ ቢወርድም ጀርም የለበትም ማለት አይደለም። ለመጠጥና ለልጁ ምግብ የሚሆነውን ያፍሉ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይተዉት። በውሃ አጋር (ክሎሪን ባለበት የውሃ ማከሚያ) የሚያክሙ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉና 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የደፈረሰውን አስቀድመው በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ከጋራዥ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት አያስወግድም። ዘይት ዘይት የሚሸት ውሃ ለመጠጥ አይሆንም። ቦዩን አቋርጦ የሚያልፈውን ቧንቧ ደግሞ ከጎርፉ በላይ አሳልፎ ማስቀየር ነው፤ ይህ ካልተስተካከለ ችግሩ በየክረምቱ ይመለሳል።

ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ኦ.አር.ኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በማንኪያ ያጠጡት፤ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር የታከመ ውሃ ይበጠበጣል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም በየቀኑ ለ10 ቀን ይዋጥ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አይስጡት። ሰገራው ደም ካለበት ወይም የሩዝ ውሃ ከመሰለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ካንቀላፋ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጎርፍ የነካውን ወለል ሲያጸዱ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ጭቃው የበረኪናን ኃይል ስለሚጨርሰው መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠው ይቀቡትና 10 ደቂቃ ያቆዩት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ አያድርጉት። ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ። የቆሰለ እግር ይዘው ጎርፍ ውስጥ ከገቡ የቴታነስ ክትባትዎን ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ምንጩ። ጎረቤቶችዎ ጉድጓዱን የሚለቁት ሞልቶባቸው ነውና በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሦስት አራት ግቢ ተባብራችሁ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ጥሩ። ጉድጓዱ አፉ ላይ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ከላይ ግማሽ ሜትር ሲቀረው መመጠጥ አለበት። ዝናብ ላይ የተለቀቀው ሰገራ የትም አይጠፋም። መጀመሪያ ከእናንተ በታች ያሉት ቤቶች ይገባል፤ ቀጥሎ በወንዞቹ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ በዚያ ውሃ የለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። በክረምት አትክልቱን አብስላችሁ ብሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ቦዩን የሚዘጋው በአብዛኛው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክና መንገድ ዳር የተከመረ የግንባታ አሸዋ ነው። ጠረጋው ከታችኛው ጫፍ ይጀምር፤ ከላይ ከተጀመረ የተነቀለው ቆሻሻ ወርዶ ታችኛውን ይደፍነዋል። የወጣውን ደለል ደግሞ በጆንያ አድርጋችሁ በዚያው ቀን አስነሱ። ቦዩ ዳር ተከምሮ ከቆየ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ እስከዚያውም ልጆች ይጫወቱበታል።